ባሕር ያልገቡት ወጌሻ

ነገሩ የተጀመረው ጅቡቲ ውስጥ በሐምሌ ወር፣ ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የባቡር ጣቢያው ደወል ገና መደወሉ ስለነበር ሰዓቱን አልረሳውም። በራችን ላይ ቆሜ ውሃ ሻጩን ስጠብቅ አራት ሰዎች አባቴን በተነቀለ በር ላይ አስተኝተው መጡ። አባቴ የፉርጎ ፍሬን ያዥ ነበር። ከመወጣጫው ሲወርድ አዳልጦት የቀኝ እግሩ ቅልጥም ተሰብሯል። ሰዎቹ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱት በቤታችን በኩል ያለፉት ለእኔ ሊነግሩኝ ነው።

ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ቀጭን አሮጊት ተነሡ። የአባቴን ፊት ሳያዩ ጎንበስ ብለው የተሰበረውን እግር አዩ፤ ቀጥሎ ደህናውን አዩ። «ፍጠኑ፣ ግን አታናውጡት» አሏቸው ለተሸካሚዎቹ። «አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የተሰበረው።» ከዚያ ዞር ብለው እኔንም ከእግሬ ጀምረው አዩኝና፣ «ጫማሽን አድርጊና ተከተያቸው» አሉኝ። ባዶ እግሬን መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እኚህ ሴት እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ። ማረፋቸውን አባቴ ባለፈው ወር በደብዳቤ ነገረኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ እዚህ ፈረንሳይ አገር፣ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። አንብቤ ስጨርስ ለሰው ልነግር ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ደረጃው ዘንድ ደርሼ ቆምኩ። በዚህ ከተማ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው የለም። ለማላውቀው ሰው እንዲህ ያለ ነገር መናገር ደግሞ አልችልበትም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ወጌሻ ነበሩ። የሚኖሩት ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳዋ ከዕቃ ሳጥን ሳንቃ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነው። ሙያውን የተማሩት ደጋ ላይ፣ የሰውንም የበቅሎንም አጥንት ይጠግኑ ከነበሩት ከአባታቸው ነው። የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ባላቸውን ተከትለው ከሰፈር ወደ ሰፈር እያሉ ወደ ቆላው ወረዱ፤ እኔ ሳውቃቸው ጅቡቲ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ስለ ባላቸው የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም። አማርኛቸው ያው የደጋው ነበር። ሶማልኛውንም፣ ዓረብኛውንም፣ አፋርኛውንም ለአጥንት የሚበቃውን ያህል ብቻ ያውቁ ነበር፤ እዚህ ነው ወይ፣ ያምሃል ወይ፣ እስቲ ርገጥ። ከዚያ ያለፈ ወሬ ከማንም ጋር ሲያወሩ አልሰማሁም።

ሰው የሚያውቁት በእግሩ ነው። በመንገድ ሲያገኙን ደህንነታችንን አይጠይቁም፤ «እግርሽ እንዴት ሰነበተ?» ነበር የሚሉት። ወደብ ላይ ከሰል የሚሸከሙት ሰዎች ቀጭን ጣውላ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ስለሚውሉ የእግራቸው ጣት እንደ እጅ ጣት ተዘርግቶ መያዝ እንደሚጀምር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በአንድ ትከሻ ብቻ የሚሸከም ሰው አንዱ ውስጥ እግሩ ከሌላው ይልቅ ተጠፍጥፎ መሬቱን ይሞላል። እግር የሚሸከመውን ነገር መልክ ይይዛል፤ ይሉ የነበረው ይህንን ነው። የእኔን እግር ደግሞ አንድ ቀን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አውራ ጣቴን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ይሄ ለማን ብሎ ነው ቦታ የለቀቀው?» ብለው ጠየቁኝ። የፈረንጅ አገር ጠባብ ጫማ በሁለት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ወደ ውስጥ አጉብጦት ነበር። ቀጠሉና፣ «አንቺ ሰው ፊት ስትቆሚ በእግርሽ ጠርዝ ነው የምትቆሚው። ለመሄድ የተነሣሽ ነው የምትመስዪው» አሉኝ። እውነት ነበር።

ሐኪም ቤት የአባቴን እግር በጀሶ አሰሩለት። ከመስቀል ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ቀጥ ብሎ ገጥሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ይራመድ አሉ። አባቴም እሺ አለ፤ ቤት ሲደርስ ግን አልጋው ላይ ወጣ። እግሩ የሌላ ሰው ይመስል ቀጥኖ፣ ቆዳው ተጣጥፎ ነበር። መሬት ሲነካ ይንቀጠቀጥና ያነሳዋል። በምርኩዝ እየዘለለ እስከ ደጃፍ ይሄዳል፤ ከዚያ አያልፍም።

የሥራ አለቃው ሰው ልኮ ጥቅምት እስኪያልቅ እንደሚጠብቀው ነገረው። እስከዚያ በሁለት እግሩ መጥቶ ፉርጎ ላይ ካልወጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ቤቱም የሥራው ቤት ስለነበር ከቦታው ጋር ይሄዳል። እናቴ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረውም። እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍቴ እያለቀ ነበር፤ የምሳፈርበት መርከብ የሚነሣው በዚያው ሰሞን ነው። ይህን ጮክ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። አባቴም አልጠየቀኝም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ሳንጠራቸው መጡ። በሩ ላይ ቆመው መሬቱን አዩ።

«በደጃችሁ አሸዋ ላይ የአንድ እግርና የአንድ እንጨት ዱካ ነው የማየው» አሉ። «ሁለተኛውን የት አደረግኸው?»

አባቴ ሳቀ። ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ገብተው ቅልጥሙን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው ዳሰሱት። በደንብ ነው የገጠሙት፣ እጃቸው ይባረክ አሉ። ከዚያ አሠራራቸውን ነገሩን። አጥንት ሥራ ከፈታ ራሱን እየበላ ይሳሳል። ከአቅሙ በላይ ሲጭኑበት ደግሞ ይሰበራል። ስለዚህ ሸክሙ በልክ በልኩ ነው የሚሰጠው፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ከዛሬው ትንሽ ጨመር። አገር ቤት አባታቸው በሽተኛውን በጠፍር ከቤቱ ወጋግራ ላይ አንጠልጥለው፣ እግሩ መሬት እየነካ እንዲሄድ ጠፍሩን በየቀኑ ያላሉለት ነበር። የጅቡቲ የሳንቃ ቤት ሰው ማንጠልጠል አይችልም። እሳቸው በወጋግራው ፋንታ ባሕሩን አገኙ። ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩ ላይ የሚያርፈው ክብደት የሕፃን ልጅ ያህል ነው። እስከ ወገብ ሲሆን ይጨምራል። እስከ ጭን፣ እስከ ጉልበት፣ በመጨረሻ ደረቅ አሸዋ።

ይህን ሲናገሩ እኔ በጓዳው በር ቆሜ ትምህርቴን አስታወስኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕክምና መምህራችን በቁመቱ የተሰነጠቀ የጭን አጥንት አሳይቶን ነበር። ውስጡ እንደ ድልድይ ብረት፣ ሸክሙ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ በቀጫጭን ድጋፍ የተሞላ ነው። ሸክም ባለበት አጥንቱ ራሱን ይገነባል፣ ሸክም በሌለበት ያፈርሳል ብሎ አስተምሮናል። እኔም በደብተሬ ላይ በጥንቃቄ ስዬው ነበር። በማግሥቱ አባቴ ሳያይ ደብተሩን ለእትዬ ማንጠግቦሽ አሳየኋቸው። በጣታቸው መስመሮቹን አንድ በአንድ ተከትለው ሲጨርሱ፣ «የማን ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም። አጥንቱ የማን እንደነበረ ነው የጠየቁኝ። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበር። «ብርቱ ሰው ነበር» አሉና ደብተሩን መለሱልኝ።

ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት የሚነግረን ሁመድ የሚባል አፋር ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሰዓቱ በየቀኑ እየዘገየ ስለሚሄድ አንድ ቀን በማለዳ፣ ሌላ ቀን ረፋድ ላይ እንወርድ ነበር። ሁመድ በአባቴ ጎን ይገባል፤ እኔ ከፊት ለፊቱ ወደ ኋላዬ እሄዳለሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ በአባቴ ወገብ የታሰረውን ገመድ ጫፍ ይዘው ደረቁ ላይ ይቆማሉ። ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም። አረፋው ወደ እግራቸው ሲመጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን እግራቸውን ነክረው እንደማያውቁ ሁመድ ነገረኝ።

«ምነው እትዬ» አላቸው አባቴ በመጀመሪያው ቀን ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ፣ «እኔኮ ክርስትና ከተነሣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል።»

«ያን ጊዜ ቄሱ ተሸክመውህ ነበር። አሁን በራስህ ቁም።»

ሲወጣ ጎንበስ ብለው እርጥቡ አሸዋ ላይ የተወውን ዱካ ያዩ ነበር። የግራው ጠልቆ ተረከዙም ጣቱም ይታያል። የቀኙ የወፍ ይመስላል። «ይሄኛው ገና አልመጣም» ይሉ ነበር ስለ ቀኙ። ሁለቱ ዱካዎች እኩል የጠለቁ ቀን ሥራቸው አበቃ ማለት ነው። እኔን የተቆጡኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ ሲንገዳገድ ፈጥኜ እጄን ሰጠሁትና ደግፌ አወጣሁት። «እጅሽን ሰብስቢ» አሉኝ። «እጅ ካገኘ ክብደቱን ለእጅሽ ይሰጣል እንጂ ለእግሩ አይሰጥም።»

ወገብ አለፈ፣ ጭን አለፈ። ወደ ጉልበት በደረስንበት ቀን አባቴ ቀኙን አስቀድሞ ረገጠና ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ውሃው ውስጥ ተቀመጠ። ሁመድ አንስቶ አወጣው። እትዬ ማንጠግቦሽ ቅልጥሙን ዳሰሱ፤ አውራ ጣታቸው የተጠገነው ቦታ ላይ ብዙ ቆየ። «ምንም አልሆነም» አሉ። «የደነገጠው ሥጋው ነው። ነገም እዚያው ድረስ።»

ቤት ገብተን አባቴ ፊቱን አበሰና ወደ እኔ ዞረ። «አስካለ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «መጽሐፉ ምን ይላል?»

መጽሐፉ የሚለውን አውቅ ነበር። ደብተሬ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር። ግን ጩኸቱ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ አጥንቱ እንደገና ቢሰበር በእኔ ቃል የተሰበረ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዲያርፍ ብነግረው ግን ማንም አይወቅሰኝም።

«መጽሐፉ ማረፍ ይሻላል ይላል» አልኩት።

አባቴ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም።

በማግሥቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ገመዳቸውን ይዘው መጡ። በሩ ላይ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ወደ ታች፣ ወደ እግሬ ተመለከቱ።

«መጽሐፉ እንዲህ አለ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሺ። የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ። ገመዱን በክንዳቸው ላይ ጠቅልለው ሄዱ። ቁጣ አላየሁባቸውም።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። የሚወደውን እየሠራሁ አባቴን አበላሁት። የባቡሩ ፉጨት ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ጀመር። እግሩን ሳጥብለት ባቱ በሁለት እጆቼ ጣቶች መሀል ገባ፤ ባሕር በምንወርድበት ሰሞን እንዲያ አይገባም ነበር። ለካሁት ሊባል አይችልም፤ ግን አወቅኩት። ጥቅምት እስኪያልቅ አሥራ አንድ ቀን ነበር የቀረን።

በዘጠነኛው ቀን ሁመድ ዓሣ ይዞልን መጣ። አባቴ እንዳይሰማ ወደ አጥሩ ጠራኝ።

«አሮጊቷ በየቀኑ ትመጣለች» አለኝ። «ውሃው ሲሸሽ፣ በሰዓቱ። ገመድ ይዛ ትቀመጣለች። ማንም የለም። እኔ ልግባልሽ አልኳት። አንተ እግርህ ደህና ነው አለችኝ።»

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር የነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ወረድኩ። ባሕሩ ርቆ ሸሽቶ እርጥቡ አሸዋ እስከ ሩቅ ድረስ ያብለጨልጭ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወደ እኔ አልዞሩም። ያልጠየቅኳቸውን ነገር መናገር ጀመሩ።

ባላቸው ሐዲድ ሲዘረጉ ከነበሩት አንዱ ነበር። ብረት ወድቆበት ቅልጥሙ ተሰበረ፤ የአባቴ በተሰበረበት ቦታ አካባቢ። የጠገኑት እሳቸው ናቸው። በእጃቸው ካለፈው አጥንት ሁሉ እንደሱ ያማረ ገጥሞላቸው አያውቅም። የመርገጫው ቀን ሲደርስ ግን አንድ ጊዜ ረግጦ አለቀሰ።

«አሳዘነኝ» አሉ። «የሰውን ሁሉ እግር አስረግጫለሁ። እሱን ብቻ ተኛ አልኩት። አራት ወር ሙሉ በእጄ አበላሁት።»

ከአራት ወር በኋላ ሲነሣ እግሩ አልሸከም አለው። ሥራ አልተመለሰም። በሚስቱ እጅ መብላቱን ሊለምደው አልቻለም። አንድ ቀን እትዬ ማንጠግቦሽ ገበያ ሄደው ሲመለሱ ቤቱን ባዶ አገኙት፤ በጀልባ ወደ ዓደን ሲሻገር ያዩት ሰዎች ነበሩ። የጀልባውን መንገድ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ቀለል ያለ ዱካ ነው። ዛሬም ባየው አውቀዋለሁ።»

ሠላሳ ዓመት ሰውን ሁሉ ከእግሩ ጀምረው ሲያዩ መኖራቸውን አሰብኩ። ከዚያም ሳልዘጋጅ፣ «መጽሐፉ እንዲያ አላለም፣ እትዬ» አልኳቸው። «እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ስትነግሪኝ በእግርሽ ጠርዝ ነበር የቆምሽው።»

ለምን ለአባቴ እንዳልነገሩት ጠየቅኳቸው። እሳቸው ቢነግሩት ቃሉ የአንዲት ያረጀች ወጌሻ ቃል ነው፤ ያስተኛሁት እኔ ነኝና የማስነሣውም እኔው መሆን አለብኝ አሉ። ከዚያ ገመዱን ጠቀለሉ። ነገ ባሕሩ በማለዳም እንደሚሸሽ ሁመድ ነግሯቸዋል፤ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ ይገኛሉ። እንመጣለን ወይም አንመጣም ብለው አልጠየቁኝም።

በዚያው ቀን እራት ሳይቀርብ ደብተሬን ከመደርደሪያው አውርጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሥዕሉን አሳየሁት። መጽሐፉ የሚለውንና እኔ ያልኩትን ለየብቻ ነገርኩት። መርከቡንም ነገርኩት። ሥዕሉን ሲያይ ቆየ።

«እንግዲህ ፈርተሽልኝ ነው» አለ።

«ለአንተም ለራሴም ነው የፈራሁት፣ አባባ።»

«እኔም እንድትፈሪልኝ ነበር የጠየቅኩሽ» አለና ደብተሩን ከደነው።

የአባቴ ደብዳቤ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ታመው የተኙት ሦስት ቀን ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ክፍላቸው ውስጥ ከልብሳቸውና ከገመዱ በቀር ምንም አልተገኘም። ሬሳውን ካወጡት አራት ሰዎች አንዱ አባቴ ነበር፤ ከፊት፣ በቀኝ በኩል። ሊተኩት የመጡትን ሁሉ እየመለሰ ከካርቲየ 6 እስከ መቃብሩ እሱው እንደተሸከመ ጽፏል። እንዳልተመካ ለማሳየት ይሆናል፣ ከሥሩ «መንገዱ ረጅም አይደለም» የሚል ጨምሮበታል። መንገዱን አውቀዋለሁ። ረጅም ነው።

እኔ ግን ደብዳቤውን ባነበብኩ ቁጥር የማስታውሰው ሥዕሉን ካሳየሁት ቀን ቀጥሎ ያለውን ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ወረድን። ገመዱ ታሰረ። እትዬ ማንጠግቦሽ ደረቁ ላይ ቆሙ። ሁመድ አባቴን ውሃው ጉልበቱ ዘንድ እስከሚደርስበት አድርሶት ወደ ጎን ገለል አለ። ጫማዬን አሸዋው ላይ ትቼ ስድስት እርምጃ ያህል ርቄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አባቴ ግራውን አነሳ፤ ክብደቱ ሁሉ ቀኙ ላይ ወደቀ። ከንፈሩ ሲነጣ አየሁ።

«አስካለ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለኝ።

አልሰጠሁትም። ሁለቱን እጆቼን ወደ ኋላዬ አድርጌ አንዱን በአንዱ ያዝኩ፤ አጠገቤ እስኪደርስ ድረስም አልፈታኋቸውም።